ካልሲ የማይሠራው የካልሲ ፋብሪካ

ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋለታል፤ ፋብሪካ ግን ሞቶም ራሱ ይነፋል! አትሳቁ... ይሄን የምላችሁ የተማርኩ ሴት ነኝ። የምረቃ ፎቶዬ ገና ከፎቶ ቤት አልወጣም።

ከአስመራ ፋብሪካዎች ስንቱ ይሠራል፣ ስንቱ ተዘግቷል ብዬ እንድቆጥር በአንድ የመንግሥት ቢሮ ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠርኩ። ካለፍኩ ቋሚ፤ ካላለፍኩ... የእናቴን ምላስ እናንተ አታውቁትም! የሰፈሬን፣ የማይ ጭሆትን፣ የካልሲ ፋብሪካ ለማየት ግን ምን አስለፋኝ? በየማለዳው የሠራተኛ መጥሪያው ጡሩምባ፣ ሲሬናው፣ ሲጮህ አይደል የምነሳው! አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ «ይሠራል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

አለቃዬ አቶ ጌታሁን ፎርሙን አዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ፋብሪካ ዓመት ሙሉ መብራት አልተጠቀመም። ካልሲውን በጸሎት ነው የሚሠሩት?» አሉኝ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! እየሮጥኩ ሄድኩ። ሽማግሌው ዘበኛ ኣቦይ ተስፉ በሩን ከፈቱልኝ። አዳራሹ ባዶ... ርግብ ብቻ።

«ማሽኖቹስ፣ ኣቦይ?»

«በካሚዮን ተጭነው አዲስ አበባ ገቡ።»

«ታዲያ ሲሬናውን ማን ነው የሚያስጮኸው?»

«እኔ ነኛ! በእጄ አዙሬ።»

«ለማን ብለው?»

«ኣንቲ ጓለይ፣ ልጄ! እኔ ዝም ካልኩ ሰፈሩ በምን ይነሳል? አንቺስ በምን ትነሺያለሽ?»

ፎርሜን አወጣሁ።

በሉ እናንተ ፍረዱ! አንድ ሠራተኛ አለ፤ በሰዓቱ ይገባል፣ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ክፍት ነው ዝግ? ፎርሙ «በመጠኑ ሞቷል» የሚል ቦታ የለው! ማሽኖቹስ ሞቱ ይባላል ወይስ ቤት ቀየሩ? እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። «ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

«መንግሥት ነው እንዲህ ያለው?»

«እወ፣ ኣቦይ።»

«እንግዲያስ ነገ እኔም ልተኛ።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ...

ማግስቱ የሙከራዬ የመጨረሻ ቀን ነበር። የቀሰቀሰችኝ ፀሐይ ናት! ጫማዬን በእጄ ይዤ በኮምቢሽታቶ ጎዳና ስሮጥ፣ ግማሹ የሰፈሬ ሰው አብሮኝ ይሮጣል። አቶ ጌታሁን ሰዓታቸውን እያዩ በቢሮው በር ላይ ቆመዋል።

«ለምን አረፈድሽ?»

«ፋብሪካው... ተዘግቶ።»

«ትናንት ራስሽ አይደለሽ እንዴ የዘጋሽው?»

ሙከራዬ ሌላ ሦስት ወር ተራዘመ። እና የፋብሪካ መዘጋት ጉዳቱ አይለካም የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ላኩት። እኔ ለክቼዋለሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው!