ዱንያን የናቁት ጋሽ ኸይሩ

በየከተማው ዱንያን የናቀ አንድ ሰው አይጠፋም። ሠርግ ላይ ስለ ሞት የሚያወራ፣ አዲስ ቤት ሲመረቅ የመቃብር ጥበት የሚያነሳ፣ ሳቅ ሲበዛ ጉሮሮውን የሚጠራርግ ሰው። እናንተም ሰፈር አለ፤ ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ። የሚዛን ተፈሪው ጋሽ ኸይሩ ይባላሉ። የሚገርመው ደግሞ ሥራቸው የሕንፃ መሣሪያ መሸጥ ነው፤ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ የበር ቁልፍ፣ የመስኮት መስታወት።

ሰው ቤቱን ሊያጸና ወደ ሱቃቸው ይመጣል፤ ራሳቸውን የዚህ ዓለም መንገደኛ የሚሉት ጋሽ ኸይሩ ተስፋ አስቆርጠው ይመልሱታል። ወፍራም ቆርቆሮ የጠየቀውን፣ "ስሱን ውሰድ፤ እሱ እስኪዝግ እኔና አንተ የት ነን?" ይሉታል። ለጓዳዋ ቁልፍ የፈለገች ሴት፣ "ለሁለት ቀን ዱንያ ምን ያስቆልፍሻል?" ብለዋት ሳትገዛ ወጥታለች። ጎናቸው ያንኑ ዕቃ የሚሸጠው ባለ ሱቅ ለጋሽ ኸይሩ ረጅም ዕድሜ ዱዓ የሚያደርገው በከንቱ አይደለም።

የሁሉም ነገር መደምደሚያቸው ሁለት ቃል ናት፤ "ዱንያ ናት።" አምና ባዘዘው የሚባል ቡና ነጋዴ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣውን ቡና ድንገተኛ ዝናብ አበሰበሰበት። ጋሽ ኸይሩ ጃንጥላቸውን ይዘው ከሰው ሁሉ ቀድመው ደረሱ።

"ዱንያ ናት፣ ባዘዘው" አሉት።

"ጋሽ ኸይሩ፣ እኔ የላክሁብዎት ሸራ እንዲሰጡኝ ነበር" አለ ባዘዘው፣ ውሃ ከፀጉሩ እየወረደ።

ሸራው ሱቃቸው ሞልቷል። እሳቸው ግን ያስቀደሙት ምክሩን ነው። ልዩ የምትባለው የጎረቤታቸው ልጅ ስትዳርም፣ መርቁ ሲባሉ ተነስተው ደስታ ብዙ እንደማይቆይ፣ ቢቆይም ሰውየው እንደማይቆይ አስረዱ። ሙሽራዋ ኩሏ እስኪፈስ አለቀሰች።

ሚስታቸው አስያ ሠላሳ አራት ዓመት ከዚህ ጋር ኖራለች። ልጃቸው ሻሚል አድጎ ቴፒ ያስተምራል፤ እሱ ከመወለዱ በፊት የተሠራው መኝታ ቤት ግን እስከ ዛሬ መስኮቱ መስታወት የለውም። ላስቲክ ተወጥሮበታል። የመስታወት ነጋዴ ሚስት እኮ ናት። ስትጠይቃቸው፣ "መንገደኛ ላረፈበት ዛፍ መስታወት አይገጥምም" ይሏታል። የሚዛን ዝናብ ደግሞ መንገደኛና ነዋሪ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም እኩል ያረጥባል።

ነገሩ ውሸት ቢሆን ይቀላት ነበር። እውነት ነው። ይቺ ዓለም ጥላዋ ሥር አረፍ ተብሎ የሚታለፍባት እንደሆነች አስያም ከቁርዓን ቤት ጀምሮ ተምራዋለች፤ ታምንበታለችም። አንጀቷን የሚያሳርራት እሳቸው ሲሉት እንዴት እንደሚቀላቸው ነው። የገዛ እናታቸው የሞቱ ዕለት እንኳ ሁለቷን ቃል ብለው፣ ዓይናቸው ሳይረጥብ ወደ ቀብር ሄዱ።

ስለዚህ ሆዷ ውስጥ የተገኘው እብጠት ክፉ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ወደ ጅማ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ሲሰጣት፣ ወረቀቱን ከልብሶቿ ሥር ደብቃ ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። ሞት አይደለም ያስፈራት። ያቺኑ ሁለት ቃል ለእሷም እንዳይሏት ነው። ለባዘዘው ቡና የተባለው ለእኔም ከተባለ፣ እያለች ታስባለች፣ ሠላሳ አራት ዓመት የኖርኩት ከማን ጋር ነው?

ምስጢሩን የምታውቀው ጎረቤቷ ለተብርሃን ብቻ ናት።

"ንገሪያቸው እንጂ፤ ባልሽ አይደሉም?"

"ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።"

"ይበሉ። ዝምታ ያድነኛል ብለሽ ነው?"

በማግስቱ ቁርስ ላይ አስያ ወረቀቱን ከሻይ ብርጭቋቸው አጠገብ አኖረችው። ጋሽ ኸይሩ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ሱቁን ሳይከፍቱ በሚኒባስ ይዘዋት ወደ ጅማ ተነሱ። እስከ ቦንጋ ሁለቱም አልተነፈሱም። ከቦንጋ በኋላም ያው ነው። አስያ በየኩርባው አሁን ይሉኛል፣ አሁን ይሉኛል እያለች ስትጠብቅ ጅማ ገቡ።

ምርመራው ሦስት ቀን ፈጀ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ካንሰር ነው፤ ጉበት ደርሷል፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አይደለም። ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት ይሰጣል።

"ስንት ጊዜ አለኝ?" አለች አስያ።

"ወራት ነው፣ እናቴ። ብዙም አይደለም።"

አስያ ወደ ባሏ ዞረች። ይኸው ደረሰ፤ ይበሉትና ይውጣልኝ አለች በልቧ።

"ዶክተር፣ ስህተት አለበት" አሉ ጋሽ ኸይሩ። "እኔ በአሥራ አንድ ዓመት እበልጣታለሁ።"

"አባባ፣ ይሄ በዕድሜ አይደለም።"

"ተራው የእኔ ነው። ልሄድ ነው፣ ልሄድ ነው ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። እሷ አንድ ቀን ብላ አታውቅም። ጠይቂያት፣ ልጄ።"

ድምፃቸው ኮሪደር ድረስ ተሰማ፤ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሰዎች ዞር ዞር አሉ። ዳቦ ሰልፍ ላይ ለሁሉም ቅደሙ የሚሉት ሰውዬ እዚህ ተራዬን አላስነካም ብለው ሙግት ያዙ። ቀጥሎ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይለምኑ ጀመር፤ የሚመጣውን ረመዳን ብቻ፣ እሱን ብቻ አብረን እንጹም አሉ። ጋሽ ኸይሩ ኮፊያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው አለቀሱ።

አስያ መጀመሪያ ደስ አላት። አላህ ይቅር ይበላት፣ ደስ አላት። ወዲያው ግን ነገሩ ገባት። ሰውዬው ዱንያን ንቀው አያውቁም ለካ። ሲፈሯት ነው የኖሩት፤ የወደዱት ነገር ሁሉ እንደሚወሰድባቸው ስለሚያውቁ የወደዱ እንዳይመስሉ ሲጠነቀቁ ዕድሜያቸውን ፈጁ። እሷ ስትሄድ እሳቸውን ማን ያጽናናቸዋል? ሚዛን ውስጥ ይህን ሥራ የያዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን ስታስብ ከራሷ ሕመም ይልቅ የእሳቸው ባሰባት።

ሐኪሟ ስትሸኛቸው፣ ወገቧን እንዳያማት ጥሩ ፍራሽ ላይ ትተኛ ብላቸው ነበር። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ፍራሽ ቤት ገቡ። ሻጩ ከሁሉ ይሻላል ያለውን አወጣላቸው።

"ይሄ የአሥር ዓመት ዋስትና አለው" አለ።

ጋሽ ኸይሩ ፍራሹን በሁለት እጃቸው ጫን ጫን አደረጉት። ዓይናቸው ገና ቀይ ነው።

"አሥራ አምስት ዓመት ያለው የለህም?"

"ከአሥር በላይ የለም፣ አባባ።"

ሌላ ሱቅ ሊጠይቁ ወደ በሩ ዞሩ። አስያ እጃቸውን ያዘች።

"አሥሩ ይበቃናል፣ የሻሚል አባት" አለቻቸው።