አስታራ ያልጠገነው አጥንት

ባለቤቴ ሙኒራ የሞተችው በሐምሌ ነው።

ሰው ሲሞት ያልተጠየቀ አዋቂ ይበዛል። ወልቂጤም እንደ ሌላው አገር ነች፤ ታማ ሳለች «አላህ ያሽርሽ» ብሎ ያለፈ ሁሉ ዛሬ የበሽታዋን ምክንያት ያውቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የአንድ ለአምስት ስብሰባችን ሳይቀር ስለ ልማት ሊያወራ ተቀምጦ የሙኒራን አጥንት አውርቶ ተበተነ። አማቴ እትዬ ረሕመት ደግሞ በአንድ ቃል ይዘጉታል፤ «የእኛ ዘር አጥንቱ ደካማ ነው።»

በዚህ ቃል የተነሳ ልጄ ሐያት አትሮጥም። አያቷ ከጀርባቸው አያወርዷትም።

ነገሩ የጀመረው በጀሪካን ነው። ሙኒራ ውኃ አነሳች፣ ክንዷ ቀጭ አለ። ወጌሻው አሰረላት። እኛ ጉራጌዎች ለተሰበረ ሰው አስታራ የሚባለውን እንሰት ሥሩን ቀቅለን በወተት እናበላለን። አማቴ ከእምድብር አስታራ አሸክመው መጡ። በላች። ክንዷ ሳይጠና ከበርጩማ ስትነሳ እግሯ ተሰበረ። አማቴ ድስቱን በትልቅ ድስት ቀየሩት። ጎረቤት ደግሞ እኔን በጎሪጥ ማየት ጀመረ፤ ሚስቱ ደጋግማ የምትሰበርበት ባል ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ።

በመጨረሻ ከአማቴ ጋር ሆስፒታል ወሰድናት፤ ቡታጅራ ያገኘነው ሐኪም ደሟን አስመረመረና አንገቷን ዳበሰ። እኔ እግር ይዤ መጥቼ እሱ አንገት ይነካል!

«እዚህ ውስጥ ምስር የሚያካክሉ ዕጢዎች አሉ» አለ። «ሥራቸው የደሟን ካልሲየም መቆጣጠር ነው። አንዷ ከልክ በላይ እየሠራች ከአጥንቷ ትነቅላለች፣ ወደ ደሟ ታፈሳለች። አጥንቷ ምስጥ የገባው ምሰሶ ሆኗል፤ ከውጭ ሲያዩት ቆሟል።»

«ታዲያ አስታራው?» አሉ አማቴ።

«እናቴ፣ እኔም በልጅነቴ ከዛፍ ወድቄ በልቼዋለሁ። ግን ሌባው ቤት ውስጥ እያለ እህል ቢያስገቡ ምን ይጠቅማል? መጀመሪያ ሌባውን እናስወጣ።»

ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ቀጠሮ ተያዘልን። ቀጠሮው ሳይደርስ በደሟ የበዛው ካልሲየም ኩላሊቷን አደከመው። ሞት ቀደመን።

ስለዚህ ሙኒራን ደካማ አትበሉብኝ። ከውስጥ እየተዘረፈች እንሰት ፍቃለች፣ ልጅ አዝላለች፣ በእኔም ስቃለች። እስቲ እናንተ ሞክሩት።

ሐኪሙ «አንዳንዴ በዘር ይሄዳል» ስላለ የሐያትንም ደም አስመርምሬያለሁ። «ደህና ነች፣ ትዝለል» ብሎኛል። አማቴ ግን ሐኪም ሰምተው አያውቁም። ትናንት ግቢ ውስጥ አዝለዋት አገኘኋቸው።

«እናቴ፣ ያውርዷት።»

«አንተ ምን አለብህ! እኔ ልጄን ቀብሬያለሁ።»

«እኔስ ማንን ነው የቀበርኩት?»

አንቀልባውን ፈቱ።

የቃጫ ገመድ አውጥቼ አቮካዶው ላይ ዥዋዥዌ አሰርኩ። መጀመሪያ ራሴ ተቀምጬ ሞከርኩት፤ ቅርንጫፉ ቻለኝ። ሐያትን አስቀምጬ ገፋኋት። አማቴ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ በጣቶቻቸው መሃል ግን ያያሉ።

«አባ፣ ከፍ!» አለች።

ከፍ አደረግኋት።