የማይቋረጥ ድምፅ ሽልማት

ሰው ገና ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሳይሠራ፣ አራዊት እንደ ሰው ይማከሩ እንደ ሰውም ይኳረፉ በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ሥር አንድ ጫካ ነበረ። በዚያ ጫካ መልእክት የሚተላለፈው በቅብብሎሽ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ አያ ዝንጀሮ ተቀምጦ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ይጮኻል። ከመካከለኛው ሸንተረር ላይ ጉሬዛ ጩኸቱን ተቀብሎ ወደ ታች ያወርደዋል። ከወንዙ መታጠፊያ ላይ ደግሞ እመት እርኩም ያንኑ በጎርናና ድምጿ ወደ ረባዳው ሜዳ ትለቀዋለች። የሜዳው ነዋሪዎች፣ ጥንቸሉም ሚዳቋዋም ቆቋም፣ "ውኃ መጣ!" የሚለውን ከእርኩም አፍ ሲሰሙ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጉብታው ይወጣሉ። ወንዙ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ እነሱም ይመለሳሉ።

እነዚህ ድምፅ አስተላላፊዎች በየዓመቱ በበጋ ጉባኤ ነበራቸው። የሚሰበሰቡት ከሜዳው ባሻገር ካለ ኮረብታ ጀርባ በሚገኝ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። ሊቀመንበሩ በቀቀን ነበር። በቀቀን አንድም ቀን መልእክት አስተላልፎ አያውቅም፤ ሌሎች የተናገሩትን አሳምሮ መድገም ስለሚችል ግን ለሊቀመንበርነት ከሱ የተሻለ አልተገኘም።

እመት እርኩም ይህን ጉባኤ በወሬ እንጂ በዓይኗ አታውቀውም። በየዓመቱ "ማን ይቆምልኛል?" እያለች ትቀራለች። ሌሎቹ ተመልሰው ስለ ምሳው ሲያወሩ ትሰማለች፤ ትንሽ ይከፋታል፤ ከዚያም ትረሳዋለች።

በዚያ ዓመት ጉባኤውን አንበሳ በክብር እንግድነት ይክፈትልን ተባለ። አንበሳ "ዛሬ አይመቸኝም፣ ነገ አይመቸኝም" ሲል ቀኑ እየተገፋ ሄዶ ክረምቱ ደጃፍ ላይ ደረሰ። በዚህ መሀል አንድ ቁራ ወደ እርኩም መጣ።

"እንኳን ደስ አለሽ!" አላት። "የዘንድሮው የማይቋረጥ ድምፅ ሽልማት ላንቺ ሆኗል። ከቦታሽ ተነቃንቀሽ ስለማታውቂ ነው።"

"ለኔ?" አለች እርኩም። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። "ታዲያ እዚሁ ትሰጡኛላችሁ?"

"የለም፣ በአካል ተገኝተሽ ነው የምትቀበዪው። ደንቡ ነው።"

እርኩም ሄዳ ጎረቤቷን ቆቅን አማከረቻት። ቆቅ ያኔ ሳሩ ውስጥ እንቁላሎቿን ታቅፋ ነበር።

"ሂጂ እንጂ!" አለቻት ቆቅ። "ስንቱን ክረምት ጮኸሽልናል፤ አንድ ቀን ስምሽ ቢጠራ ምናለበት?"

"ዝናብ ቢመጣስ?"

"ሰማዩን አታዪውም እንዴ? ጥርት ብሏል። ደግሞስ ዝንጀሮና ጉሬዛ የት ሄደው?"

"እሱስ እውነት ነው" አለች እርኩም። ከዚያ በላይ ማሰብም አልፈለገችም። ምንቃሯን በአሸዋ ስትወለውል ዋለችና በማግስቱ ጠዋት ሄደች።

ዋርካው ሥር ስትደርስ ስሟ ያለበት ቅጠል አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት። እንግዳው ሁሉ ቅጠል አንጠልጥሏል። ሲተዋወቁ የሚያዩት ፊት ሳይሆን ቅጠሉን ነበር፤ ቅጠሉ ትልቅ ከሆነ ይሳሳቃሉ፣ ትንሽ ከሆነ ደግሞ በትከሻው ላይ አሻግረው እያዩ ሌላ ይፈልጋሉ።

አንበሳ አልመጣም። በሱ ፈንታ አያ ጅቦ ንግግሩን አሰማ። መጀመሪያ ላይ ረጋ ብሎ ነበር፤ የምሳው ሽታ አፍንጫው ሲደርስ ግን የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ቀጥላ የሌሊት ወፍ ወጣችና "የወደፊቱ ድምፅ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው" ብላ አብራራች። ማንም አልገባውም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ አጨበጨበም።

ከዚያ ምስጦች ውስጡን በልተው ያዘጋጁት አዲስ የድምፅ ማጉያ ግንድ ቀረበ። በቀቀን አፉን ወደ ግንዱ አስጠግቶ "ክቡራትና ክቡራን" ሲል፣ ግንዱ "ጢይይይይ!" ብሎ የሁሉንም ጆሮ በሳው። ባለሙያው ሁሉ ብድግ አለ።

"ወደ ግራ አዙሩት!" አለ አንዱ።

"እርጥበት ገብቶበት ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ" አለች እንቁራሪት።

ግንደ ቆርቁር ጎኑን ኳ ኳ እያደረገ አዳመጠና "ከመነሻውም አሠራሩ ልክ አይደለም" አለ። ምስጦቹ ተቆጡ። ያ ሁሉ የድምፅ አዋቂ በግንዱ ዙሪያ ሲጨቃጨቅ ድምፅ የሚባል ጠፋ። በመጨረሻ በቀቀን በገዛ አፉ እየጮኸ ቀጠለ።

"አሁን የምንሸልመው፣ ዝናብ ዘነበ ፀሐይ ወጣ ከቦታዋ ተነቃንቃ የማታውቀውን እመት እርኩምን ነው!"

እርኩም ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣች። የሚያብረቀርቅ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አንገቷ ላይ አጠለቁላት። ጭብጨባው ሞቀ። ልታመሰግን ቀና ስትል ከኮረብታው በላይ የተራራውን ጫፍ አየችው። ጠቁሯል። ደመናው እስከ ወገቡ ወርዶ መብረቅ ይሰነጥቀዋል። ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ ደግሞ አያ ዝንጀሮ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያጨበጭባል።

"አያ ዝንጀሮ" አለች፣ "ተራራው ላይ ማንን ተክተህ መጣህ?"

ዝንጀሮ አንገቱን አከከ። "ኧረ ማንንም። ጉሬዛ ካለ ምን ችግር አለ ብዬ ነው።"

ጉሬዛ ከኋላ ተነሳ። "እንዴ! እኔ ደግሞ እርኩም ካለች ምን ችግር አለ ብዬ..."

ጉባኤተኛው በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መስሎት ነበር። እርኩም ግን አልሳቀችም፤ እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነበርና።

"እመት እርኩም፣ ጥያቄ ከምሳ በኋላ ነው" አለ በቀቀን በፈገግታ።

"ውኃ መጣ!" ብላ እርኩም በሙሉ ኃይሏ ጮኸች።

"ይሄ ነው ድምፅ!" አሉ ከወዲህም ከወዲያም። "ድገሚልን!"

ኮረብታው መሀል ቆሟልና ጩኸቷ ወደ ሜዳው እንደማይደርስ ታውቃለች። እርኩም መራመድ እንጂ መብረር የማትወድ ከባድ ወፍ ናት፤ ያን ቀን ግን ክንፏን ዘርግታ በአናታቸው ላይ አልፋ በረረች። አንዳንዶቹ አሁንም ያጨበጭቡ ነበር።

ኮረብታውን ስታልፍ ጎርፉ መታጠፊያው ላይ ደርሶ ነበር፤ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ሳታርፍ፣ በአየር ላይ እንዳለች "ውኃ መጣ! ውጡ! ውጡ!" እያለች በሜዳው ላይ ዞረች። ጥንቸሎቹ ሮጡ። ሚዳቋዋ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች ወጣች። እግር ያለው ሁሉ ወደ ጉብታው ደረሰ። እንቁላል ግን እግር የለውም። ቆቅ ውኃው ደረቷን እስኪነካት ድረስ ታቅፋ ቆየች፤ ከዚያ ማዕበሉ ጎጆዋን ከሥሯ ነጥቆ ወሰደው።

እርኩም ጉብታው ላይ ከጎኗ መጥታ ቆመች። ቆቅ ላባዋ ረጥቦ እየተንቀጠቀጠች፣ የእርኩምን አንገት ረጅም ጊዜ አየችው።

"ያምርብሻል" አለቻት።

እርኩም ቅርፊቱን አውልቃ ወደ ጎርፉ ወረወረችው።

ውኃው ጎድሎ ሜዳው ጭቃ ብቻ ሲቀር፣ በቀቀን ዝንጀሮንና ጉሬዛን አስከትሎ ለማጽናናት መጣ። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተዋል። በቀቀን ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጉባኤው በደረሰው ነገር እጅግ አዝኗል" አለ። "ዝም ብለንም አልተቀመጥንም። ጎርፍ በመጣ ዕለት ድምፅ ለምን እንደጠፋ የሚያጠና አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተናል።"

"ጥሩ ነው" አለች እርኩም። "መቼ?"

"ነገ ጠዋት። አንድም አስተላላፊ መቅረት የለበትም ተብሎ ተወስኗል።"

ከተራራው በኩል ነጎድጓድ አጉረመረመ። ዝንጀሮ ሰማና ወደ ተራራው መንገድ ጀመረ። ጉሬዛም በቀቀንን በጎን አየት አድርጎ ተከተለው።

በቀቀን ወደ እርኩም ዞረ። "አንቺስ ትመጫለሽ አይደል? ከፊት ረድፍ ወንበር ይዘንልሻል። ባዶውን ቢቀር ምን ይባላል?"

እርኩም ዓይኗን ከወንዙ ሳትነቅል መለሰችለት።

"ባዶውን ይቅር። እዚያ ወንበሬ ባዶ ቢሆን ውኃ የሚበላው የለም።"