የሙሽራዋ ጥፍርና የሽቦ ቀለም

ሰሞኑን መካኒሳ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ተራ ፕላስተር ብጠይቅ ባለሱቁ ፊቱን አጨፈገገብኝ። ተራውን ተውና ልዩውን ውሰድ አለኝ። ሙቀት የሚችል አለ፣ ውሃ የማያስገባ አለ፤ ደግሞ በብሩሽ የሚቀባ፣ ሽቦው ላይ ሲደርቅ ቆዳ የሚሆን ፈሳሽ አለ እያለ ደረደረልኝ። ይሠራል ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። ይኼን ለእኔ ማን ይነግረኛል? እኛ ቤት ፕላስተሩም ፈሳሹም ተፈትነዋል። ሽቦ ላይ ግን አይደለም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። አጎቴ ጋሽ ደምሴ ከሚሠራበት ፋብሪካ ተመርጦ ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ሄደ። የቆየው ጥቂት ወር ነው፤ ሲመለስ ግን ግማሽ ጀርመን ሆኖ ነው። ሻይ እንኳ "እዚያ እኮ" ሳይል አይጠጣም። ያን ጊዜ የውጭ ዕቃ ብርቅ ስለነበር ሻንጣው ሲከፈት ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ምን ወጣ? ካልሲ፣ አንድ ጥቅል ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ እና ክዳኗ ላይ ብሩሽ ያላት ቀይ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ። እናቴ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ ሽቦ መጠቅለያ ይዘህ መጣህ አለችው። እሱ ቅር አላለውም። እህቴ አስቴር ልታገባ ነበርና የዳሷ መብራት በዚህ ነው የሚታሸገው አለ። ዕቃው ቡፌ ውስጥ ገባ።

አስቴር ያን ዕለት ቤት አልነበረችም። ሠርጉ ሲቃረብ ቡፌውን ስትከፍት ጠርሙሷን አየቻት። እስቲ እናንተ ፍረዱ። ቀይ ናት፣ ብሩሽ አላት፣ አጎቷ ከውጭ ያመጣት ናት፤ እሷ ደግሞ ሙሽራ ናት። የጥፍር ቀለም ናት ብትል ይፈረድባታል? ለእህቱ ልጅ ሠርግ የሽቦ ቀለም የሚያመጣ አጎት ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ሚዜዎቿን ጠራችና አሥሩንም ጥፍሯን አስቀባች።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ጋሽ ደምሴ የዳሱን ሽቦ ሊያሽግ ጠርሙሷን ቢፈልግ የለችም። ታዲያ በፕላስተሩ ጠቅልለው ስንለው፣ እንዲህ ላለ ተራ መገጣጠሚያ አላባክነውም አለ። እናቴ ወሬውን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። የስኳር ላስቲክ ቀደደች፣ መገጣጠሚያውን ጠቀለለች፣ በክር አሰረች፣ በሻማ እሳት አቅልጣ አጣበቀችው። ጋሽ ደምሴ ቤቱ መቃጠሉ አይቀርም ብሎ በሩ አጠገብ ቦታ ያዘ። አምፖሉ በራ፤ ቴፑም ዘፈነ።

ከዚያ ሙሽራዋን ሊስም ገባ። ጓንቷን ገና አላጠለቀችም ነበር። ጎንበስ እንዳለ እጇን አየና እዚያው ቀረ። ወጥቶ ወደ እኔ መጣና በጆሮዬ፣ "ጠርሙሷ ተገኘች" አለኝ።

"የት?"

"እህትህ ላይ።"

ስቀን ብናልፈው ደስ ባለኝ። ግን የአስቴር አማት እትዬ ዘነበች አሉ። ጥፍሯን የቀባች ሴት የነካችውን ወጥ አልቀምስም እንደሚሉ በሰፈራቸው በሳሪስ የማያውቅ አልነበረም። አስቴርም ታውቃለች፤ ለሠርጉ አጊጬ በማግስቱ አጠፋዋለሁ ብላ ነው። በሠርጉ ዕለት ጓንቱ አዳናት። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን አማቷ ቤት ዶሮ ሠርታ ሙያዋን ልታሳይ ቀጠሮ ተይዞላታል። ጓንት አድርጎ ዶሮ አይበለትም።

ለመልስ እኛ ቤት ስትመጣ ጋሽ ደምሴ የጠርሙሷን ጽሑፍ አነበበልን። በውሃ አይለቅም፣ በዘይት አይለቅም፣ በቤንዚን አይለቅም ይላል አለ። ሲያነብ ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው። አስቴር ታለቅሳለች፣ እሱ ስለ ጥራቱ ያወራል። ጋዝ ሞከርን፣ ሎሚ ሞከርን፣ አመድ ሞከርን፣ በምላጭ ፋቅን። ጣቷ ቆሰለ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላችው። ትዳሯን ገና ሳትጀምረው በጥፍሯ ልታጣው ነው።

መላ የመታችው እናቴ ናት። ቀለሙን ያመጣህ ሰው ፕላስተሩንም አምጣ አለችው። ጋሽ ደምሴ ፕላስተሩን ሲያወጣ ልጁን ለሩቅ አገር የሚሸኝ ነበር የሚመስለው። የአስቴር ጣቶች አንድ በአንድ በጥቁር ፕላስተር ተጠቀለሉ። ለምን ተጠቀለለ ከተባለ ሽንኩርት ስትከትፍ ቆርጧት ነው ሊባል ተስማማን። አሥሩንም? ብዬ ብጠይቅ ዝም በል ተባልሁ።

ቅዳሜ እኔና ጋሽ ደምሴ አስቴርን አጅበን ሳሪስ ሄድን። እሷ ጓዳ ገባች፤ እኛ ሳሎን ከሙሽራውና ከእትዬ ዘነበች ጋር ተቀመጥን። ሽታው ሲመጣ ልቤ ትንሽ ረጋ አለ። ምሳ ቀረበ። እትዬ ዘነበች ባረኩና ወጡን ገለጥ ገለጥ አድርገው አንዲት ጥቁር ነገር በሁለት ጣታቸው ብድግ አደረጉ።

"የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት ነው። ይኼ አሥራ ሦስተኛው ምንድን ነው?" አሉ።

ልዩው ፕላስተር ነው። አስቴር ዶሮውን በሎሚ ስታጥብ እየተላጠ ሄዷል። ዕንቁላሉን ይዛ ከጓዳ ስትወጣ አሥሩም ጥፍሯ ቀልቶ ይታያል። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። ሙሽራው ጫማውን ማየት ጀመረ።

አስቴር ዕንቁላሉን አስቀምጣ፣ "እማማ፣ የጥፍር ቀለም አይደለም። የመብራት ሽቦ የሚቀባበት ነው" አለች።

እትዬ ዘነበች ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ። እሱ ተነሥቶ በአቦ ስም ማለ። ይኼ የተቀባበትን ነገር ኤሌክትሪክ አይነዝረውም፣ ከጀርመን ያመጣሁት እኔ ነኝ አለ። እትዬ ዘነበች የአስቴርን እጅ ሳብ አድርገው ጥፍሯን መረመሩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው አዩና፣ "የእኔ ምድጃ እንደሚነዝር አንተ ነህ የነገርካቸው?" አሉት።

የሳቸው የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደሚነዝር እኛ በምን እናውቃለን? ጋሽ ደምሴ ይኼንኑ ሊናገር አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥሁት።

"ለልጃችሁ እንዲህ ካሰባችሁላትማ ደግ አደረጋችሁ" አሉ። "እኔ እዚህ ምድጃ ላይ ስነዘር ስኖር ያሰበልኝ የለም።" ፕላስተሯን ወደ ዳር ጣል አድርገው ፈረሰኛውን አነሡ። አስቴር እንደገና አለቀሰች፤ ይኼኛው ግን ሳቅ ያለበት ነው። ምሳው ሲያልቅ እትዬ ዘነበች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከጠርሙሷ የተረፈ እንዳለ ጠየቁን።

ተርፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳሪስ አቦ ቅዳሴ ሲሄዱ በነጠላቸው ጫፍ ቀይ ጥፍር ብቅ ይል ነበር። ለጠየቃቸው ሁሉ የምድጃ ነው ይላሉ።

እንግዲህ ልዩው ፕላስተር ዶሮ ወጥ አይችልም። ለባለሱቁ ይኼን ሁሉ አልነገርሁትም፤ ተራውን ገዝቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ተመለስሁና ፈሳሹ ቀይ እንዳለው ጠየቅሁት። የአስቴር ልጅ ልታገባ ነው።