የጁምዓ ቀትር የውሃ ተራ

ሰው ስሕተቱን ሲደብቅ የሚኖር ፍጡር ነው። የእኔ ሙያ ደግሞ ስሕተትን አደባባይ አስቀምጦ መለካት ነው። ቁጥራዊ ሒሳብ ይባላል፤ እንቅጩ አልገኝ ሲል እየገመቱ፣ ግምቱንም እያረሙ ወደ እውነቱ መጠጋት ማለት ነው። ወልድያ ተቀምጬ ፀሐይ ስንት ኃይል እንደምትሰጥ፣ ያ ኃይል ስንት ውሃ እንደሚስብ ሳሰላ ስንት ዓመቴ። ጽሑፎቼን የሚያነቡ ሰዎች አሉ ሲባል እሰማለሁ እንጂ አንዳቸውንም አግኝቼ አላውቅም። እናንተም ካላነበባችሁ አልቀየማችሁም፤ የገዛ እህቴም አላነበበች።

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ላፕቶፔን በጋቢ ጠቅልዬ በእግሬ ግራና የምትባል መንደር ገባሁ። የተቀበሉኝ የሟች አባቴ ወዳጅ ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ሐጂ የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው፤ የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ሲሆኑ፣ ያለፈ ተራ ደግሞ አለፈ ነው፣ አይመለስም። ያን ሰሞን መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ናፍጣ የለም፤ ስለዚህ ከወንዙ ውሃ የሚስበው ሞተር ቆሟል። በቆሎው እሸት ሊይዝ ሲል ውሃ ጠማው። የሙሄ ደግሞ ባሰ። ሙሄ የአምስት ልጆች አባት ነው፣ ማሳው ቦዩ መጨረሻ ላይ ነው፣ ጎተራው ባዶ ነው፤ ያ በቆሎ ከደረቀ ልጆቹን የሚያበላው የለውም።

ታዲያ በሐጂ ጓዳ ውስጥ አንድ ፕሮጀክት ጥሎት የሄደ፣ ሰው ያልነካው በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ አገኘሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ዕድሜ ልኬን በወረቀት ላይ የሳብኩትን ውሃ በዓይኔ ላየው ነው። ከአንድ የመርሳ ከተማ ሜካኒክ ጋር ሁለት ቀን ታግለን ውሃው ወጣ፤ መንደሩም እልል አለ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን የተማረ ሰው መቼ ማቆም ያውቅበታል? የውሃ ተራውንም ላስላ ብዬ ተነሣሁ። ፀሐይ ስትበረታ ውሃው ይበረታል፣ ሩቅ ማሳ የሚደርሰውም ያኔ ነው፤ ስለዚህ ለሙሄ የዓርብን ቀትር ሰጠሁት።

"ጁምዓ ነው እኮ፣ እኔ መስጊድ ነኝ" አለ ሙሄ።

"ግድ የለህም፣ ፓምፑ ራሱ ይሠራል" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ዓርብ ቀትር ላይ ወንዱ በሙሉ መስጊድ ገባ፤ እኔ ክርስቲያኑ ደግሞ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አልኩ። ፓምፑ ልክ እንደ ስሌቴ ሠራ። ቦዩ ግን ስሌቴን አላነበበም። ፍልፈል በቆፈረው ቀዳዳ በኩል ተሸነቆረና ውሃው በሙሉ መንገዱን ሲያጠጣ ቆየ። ሙሄ ከሶላት ሲመለስ መንገዱ ጭቃ፣ በቆሎው ደረቅ። ጉልበቱን አቅፎ ማሳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቀጣዩ ተራው በሳምንቱ ነው፣ በቆሎው ደግሞ ሳምንት አይቆይም። አፈርኩ፤ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሐጂ ቦዩን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"ልጄ፣ ይኸን ሁሉ ስታሰላ ሰውን የት አደረግኸው?"

"ሰው የሚባል ነገር ስሌቱ ውስጥ አልነበረም፣ ሐጂ።"

ሐጂ ግን አልተቆጡም።

"የነገው ተራ የኔ ነው፣ ለሙሄ ሰጥቻለሁ። ብቻ ውሃው በቀትር ነው የሚበረታው ብለሃል፣ በቀትር ደግሞ እኛ ሶላት አለብን። አንተስ በቀትር ምን አለብህ?"

"ምንም የለብኝም።"

"እንግዲያ አካፋውን ያዝ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አዛን ሲል ሰዉ ወደ መስጊድ፣ እኔ ወደ ቦዩ ሆንን። የተሸነቆረውን እደፍናለሁ፣ ውሃውን ከመደብ ወደ መደብ እመልሳለሁ፤ እጄ ውሃ ቋጠረ፣ ወገቤም ተቆረጠ። የሙሄ በቆሎ ግን ቀና አለ፣ ጺሙንም አወጣ። በሙያዬ እንደዚያ ሰሞን ኮርቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ሙሄ ከሶላት ሲመለስ በጭቃ እንደተለወስኩ አገኘኝ።

"ሙሄ፣ እንዲህ ከሰነበትኩማ እኔም አንድ ቀን ተከትያችሁ መስጊድ መግባቴ ነው" አልኩት ለቀልድ።

ሙሄ ደንግጦ ቀና ብሎ በቆሎውን አየ፣ ክንዴንም ያዘኝ።

"ኧረ በአላህ፣ ዶክተር! መስለሙን ማን ይጠላል፤ ብቻ በቆሎው ይድረስልኝ!"