ላባ የለበሰው እባብና የመስቀሉ በሬ

ሰው አምላኩን በልቡ ቢይዝ ምን አለበት? የዘንድሮ ልጅ ግን ክንዱ ላይ ካልለጠፈው አይጸድቅም። የራሱን ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ የማያውቀውን የሰው አገር አምላክ! «እናቶቻችንስ ግንባራቸውን ይነቀሱ አልነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ይነቀሱ ነበር፤ ግን መስቀሉ የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

የእህቴ ልጅ ሳሚ ወልቂጤ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ክንዱ ላይ ላባ የለበሰ እባብ አስነቅሶ መጣ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ስለው «እኔ እንጃ ጋሼ፣ ግን አያምርም?» አለኝ። የታሪክ አስተማሪ ነኝና እባቡን አወቅሁት። በጥንት ዘመን ሜክሲኮ ይኖሩ የነበሩ አዝቴኮች የሚያመልኩት፣ ኬትዛልኮአትል የሚባል አምላክ ነው። ስሙን ስጠራ ምላሴ ቢተሳሰር ሳሚ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ሳሚ የእምድብሯን ምሕረትን ይወዳል። እሷን ካላገባሁ ብሎ እህል እስከ መተው ደርሶ ነበር፤ ሳሚ እህል ተወ ማለት ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። ሽማግሌ ሆነን ሄድን። አባቷ አቶ ዘርጋ በወግ ተቀበሉን፣ ቃላችንንም ሰሙ፣ ሊሸኙንም እስከ በር ወጡ። «ራቅ ብለህ ጠብቀን» ያልነው፣ ራሱ ሾፌር ሆኖ ያመጣን ሳሚ ለካ በሩ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ተኝቷል። እባቡ ፀሐይ ይሞቃል!

አቶ ዘርጋ ክው ብለው ቀሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደወሉልኝ፤ አንድ ዘመዳቸው ስለ እባቡና ስለሚያመልኩት አዝቴኮች ስልኩ ላይ ፈልጎ አንብቦላቸዋል።

«መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ፀሐይ እንዳትጠፋ ብለው የሰው ልብ ይገብሩ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

ዋሽቼ መገላገል አማረኝ፤ አስተማሪነት ክፉ ልማድ ነውና «እውነት ነው» አልኩ። ከዚያ ያበላሸሁትን ለማቃናት፣ ይሄኛው አምላክ ግን ደጉ እንደሆነ፣ የሰው ልጅ እንዳይራብ ብሎ ራሱን ወደ ጉንዳን ለውጦ ከተራራ ሆድ በቆሎ ተሸክሞ እንዳወጣ አስረዳኋቸው።

አቶ ዘርጋ አሰብ አደረጉ። «ሥራ መውደዱስ ደግ ነው። የኛ ሰው ይመስላል። እኔን ያስፈሩኝ ዘመዶቹ ናቸው! ልጄን ደም ለሚወድ ሰው አልሰጥም። ለመስቀል ይምጣና በሬው ሲታረድ ዓይኑን ልየው።»

መስቀል ለጉራጌ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሳሚ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ እስከ ጉሮሮው ቆልፎ መጣ። በሬው ግቢው ውስጥ ተጣለ፤ አቶ ዘርጋ መረቁ፤ ቢላዋው ወጣ። እኛ ሁላችን በሬውን ትተን ሳሚን እናያለን። ደሙ ፊን ሲል ሳሚ ዘጭ!

«ኧረ ሰው! ውሃ! ውሃ!»

ምሕረት ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ውሃ ረጨችበት፣ በኮባ ቅጠል አራገበችለት። ዓይኑን ገለጥ አደረገና በሬውን ሲያይ እንደገና ጭልጥ አለ። አቶ ዘርጋ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ።

«መምህር፣ ይሄ ልጅ እንኳን ፀሐይ ሊመግብ ዶሮም አያርድ! ሰጥቻለሁ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እልል ተባለ። የደስ ደሱን ክትፎ ቀረበ። «ለብለብ ይደረግልህ?» ሲሉት፣ ያ ደም አይቶ የወደቀ ልጅ «ኧረ ጥሬውን!» አላለም መሰላችሁ? በልቶም ጨመረ።

እኔ ወደ ጓዳው በር ዞር አልኩ። ምሕረት እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ክንዴን በሚያህል ቢላዋ የቀረውን ሥጋ ትከትፋለች። ሳሚ ሊያግዛት ጠጋ ሲል ቀና አለችና «አንተ ዓይንህን ጨፍን፣ እኔ እቆርጣለሁ» አለችው። እሱም እሺ ብሎ ጨፈነ።

አቶ ዘርጋ ይሄን ሁሉ ጊዜ የእኛን ልጅ ዓይን ሲመረምሩ ከረሙ። ለካ ሽማግሌ ልከን የእሳቸውን ልጅ መመርመር የነበረብን እኛ ኖረናል።