የእስያው ውድድርና የእኔ ታኮ

ልጄ አልሰማ አለኝ ብላችሁ የምታማርሩ አባቶች፣ የሚሰማ ልጅ ስላልሰጣችሁ ፈጣሪን አመስግኑ። እኔን ሰጥቶኝ ይኸው ቤቴ የለቅሶ ቤት መስሏል።

ነገሩ የታኮ ነው። ከጎንደር ደባርቅ ጭነት መኪና ስነዳ ነው ያረጀሁት። አንድ ቀን ወለቃ ላይ ውሃ ልጠጣ ብዬ፣ ጎማው ሥር ታኮ የሚሆን ድንጋይ ሳላደርግ ወረድኩ። መኪናዋ ግን እኔን አልጠበቀችም፤ ወደ ኋላ ተንደርድራ መንገድ ዳር ለገበያ የተደረደረውን ሸክላ ዱቄት አደረገችው። ሰው አልሞተም። ከዚያ ወዲህ ግን እንኳን የቆመ መኪና፣ የቆመ አልጋ ሳይ ዓይኔ ድንጋይ ይፈልጋል። ልጄን ደሳለኝንም ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ያስተማርኩት «ታኮ ሳታደርግ ከመኪና አትራቅ» የሚለውን ነው።

ደሳለኝ መካኒክ ሆነ፤ እጁ ሸጋ ነው። ዕድሉ ወስዶ ወስዶ እስያ፣ አንድ የመኪና እሽቅድምድም ቡድን ውስጥ አስቀጠረው። መኪኖቹ የሚይዙት አንድ ሰው ብቻ ነው። ጣሪያ የለ፣ በር የለ፣ የረዳት ቦታ የለ። ታዲያ ታኮውን ማን ወርዶ ያደርጋል? ይህን በስልክ ብጠይቀው ሳቀብኝ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ እዚህ ታኮ የሚባል ነገር የለም አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

ውድድሩ ወራት ይፈጃል። አንዴ ማሌዥያ፣ አንዴ ጃፓን፣ አንዴ ቻይና ይዞራሉ፤ በየአገሩ ነጥብ ይያዛል፤ ድምሩ የበለጠ ዋንጫ ይወስዳል። እኔም በየውድድሩ ዋዜማ እደውላለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ «ምነው አንተ ሰውዬ፣ ልጁን ተወው እንጂ» ትለኛለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ብመክረው፣ እዚህ ዋንጫ የሚወስደው የቸኮለ ነው አለኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ምን ተስፋ አለው?

የእነ ደሳለኝ ሾፌር፣ አንድ ጃፓናዊ ወጣት፣ በነጥብ እየመራ የመጨረሻው ውድድር ደረሰ። ዋንጫውን ካመጣ ደሳለኝ ለከርሞም ይቀጥላል፤ ካላመጣ ይሰናበታል። በዋዜማው ደወልኩ። ሲያወራ መነሻው ላይ ትንሽ ቁልቁለት እንዳለ አመለጠው። ቁልቁለት! ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ወለቃን አነሳሁ። እሺ አባባ አለኝ።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። የደሳለኝ ድምፅ ከቀብር የመጣ ሰው ድምፅ ነው። መካኒኮቹ ከመኪናዋ ሊርቁ ሲሉ የእኔ ነገር ትዝ ብሎት፣ ጠርቦ በኪሱ የያዘውን እንጨት ከፊት ጎማዋ ሥር ሸጎጠ። ወዲያው ከመወዳደሪያው መንገድ ውጡ ተባሉ፤ ሮጠ፤ እንጨቱን ረሳው። የመነሻው ቀይ መብራት ሲጠፋ ሌሎቹ ተተኮሱ። የእኛዋ አንዴ ተንገጫግጫ ሞተሯ ጠፋ። ገፍተው እስኪያስነሷት ሌሎቹ ዞረው መጥተዋል። ዋንጫውም ሄደ፣ ሥራውም ሄደ።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ልጄን ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ፤ ቢያንስ አይዞህ ማለት አያቅትም ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

«እንዲያው ቁልቁለቱ ላይ ንቅንቅም አላለች?» አልኩት።

«ንቅንቅ አላለችም፣ አባባ።»

«ተመስገን» አልኩ።